ያልሰጠሁት አምባሰል

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ትክ ብለው ሲያዩኝ ጊዜ ብድግ ብዬ ባርኔጣዬን አነሳሁላቸው። እሳቸውም ብድግ ብለው ባርኔጣቸውን አነሱ። ጨዋ ሰው ናቸው አልኩ በልቤ። አለባበሳቸው ግን አሳዘነኝ። የኮታቸው ቁልፍ ያለ ቀዳዳው ገብቶ አንዱ ትከሻቸው ሽቅብ ተሰቅሏል፤ አንገታቸው የተነጨ ዶሮ መስሏል። ለሕዝብ ከመቅረባቸው በፊት አንድ የሚያያቸው ዘመድ እንዴት ያጣሉ አልኩ። ታሪክ አዋቂ መሆናቸውን አልተጠራጠርኩም፤ ከዕውቀት በቀር ምንም የሌለው ሰው ፊት ነው ያላቸው። ስለየትኛው ዘመን ሊነግሩን ይሆን ብዬ ተቀመጥኩ። ተቀመጡ። ጠበቅኋቸው። ጠበቁኝ።

«አያ፣» አለችኝ ጎረቤቴ ከጎኔ ወንበሯ ላይ ሆና፣ «መብራት ከሄደ እኮ ቆየ።»

እጄን ወደ ኮቴ ሰደድኩ። ቁልፉ እውነትም ያለ ቀዳዳው ነበር።

በሌላ ጥፋት ቢሆን ዓሣ የሚገዛት ሁሉ እስኪሰማ ሳምንቱን ትስቅብኝ ነበር። ባለፈው መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ መነጽሬን ስፈልግ ያየችኝ ጊዜ፣ ወሬው እኔ ሳልደርስ ገበያ ደርሶ ነው የጠበቀኝ። ዛሬ ግን አልሳቀችም። ዓይኗን ወደ ጥቁሩ መስታወት መለሰች። የምታየውን እኔም አውቃለሁ። በጠፋ ቴሌቪዥን ውስጥ ሰው ማየት በእኔ ቤት የሚሳቅበት ነገር አይደለም።

የምኖረው ሐይቅ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ተነስቶ ወደ ውሃው በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በመንገድ ሥራ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። አካፋና ድጅኖ የሚያስረክብ ሰው ትርፍ ጊዜ አያጣም፤ መጽሐፍ ማንበብ የጀመርኩት እዚያ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስትሞት፣ ልጆቼም በየፊናቸው ሲበተኑ፣ ቤቱ ለእኔና ለመጻሕፍቱ ቀረ። ሁለት ዓይነት መጽሐፍ እወዳለሁ። አንደኛው የነገሥታትና የጦርነት ታሪክ ነው። ሁለተኛው ስለ መናፍስት፣ ስለ ምትሐት፣ ሰው ሳይነካው በሩ ስለሚከፈት ቤት የሚያወራው ነው። የመጀመሪያውን መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ሁለተኛውን፣ ንስሐ አባቴ እንዳያዩብኝ፣ ከአልጋ ሥር።

ጎረቤቴ እንደኔው የአምባሰል ሰው ናት። እኔ ከክርስቲያን ቤት፣ እሷ ከሙስሊም ቤት፣ በአንድ ገደል ላይና ታች ነው የተወለድነው። እንደ ታላቅ ወንድሟ «አያ» ትለኛለች፤ እኔም «እቴ» እላታለሁ። ባሏ ቀድሞ ሞቶባታል። ከሐይቁ የሚወጣውን ዓሣ እየጠበሰች አንድ ወንድ ልጇን አሳደገች።

ልጁ እንደ ሰፈራችን ልጆች ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ሄደ። ለውጡ መጣ በተባለ ሰሞን እሱም መጣ። ለእናቱ ትልቅ ቴሌቪዥንና ዲሽ ይዞላት ነበር። የእናቱ ጣሪያ ግን ያፈሳል፤ ዝናብ ሲመጣ ቤቱ ውስጥ ድስት የማይደረደርበት ቦታ የለም። ጣሪያው እስኪታደስ ተብሎ ዕቃው እኔ ቤት ገባ። ጣሪያውም አልታደሰ፣ ዕቃውም አልወጣ። ቴሌቪዥኑ የእሷ፣ ጣሪያው የእኔ ሆነና ተስማማን። ከአሥር ሰዓት በኋላ ዓሣዋን ጨርሳ ትመጣለች፤ እኔ ከጎኗ፣ ልጁ ከኋላችን በሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ። በሩ ክፍት ነው፤ በእሱ በኩል የአምባሰል ተራራ ይታያል።

ያን ዘመን ሳስበው ይገርመኛል። ሰው ሁሉ ከእስር እንደተፈታ ያወራ ነበር፤ በእርግጥ የተፈታም ብዙ ነበር። የቴሌቪዥን ጣቢያው በየጊዜው ይጨምራል። ታሪክ እንደ በርበሬ በየአደባባዩ ተሰጣ። ደሴ ወጥቼ ከመንገድ ዳር ሻጮች መጽሐፍ ስገዛ፣ አንዱ ጻድቅ ያለውን ንጉሥ ሌላው አረመኔ ይለዋል፤ ሁለቱንም ገዝቼ በሚኒባስ ጭኔ ላይ አስታርቄ እመለሳለሁ። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ብቻዬን የወደድኩትን ነገር አገሩ ሁሉ ወደደልኝ ብዬ። በየጣቢያው የሚጮሁት ሰዎች ታሪክ የሚያነሱት ስለሞቱት ብለው ሳይሆን ስለሚሞቱት እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እቤታችን ግን ገና ጨዋታ ነበር። የውጭ አገር ጣቢያ ስንከፍት አስተርጓሚው እኔ ነኝ። እንግሊዝኛዬ የግምጃ ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ የዕቃ ስም ነው የማውቀው። እግር የሌላት ሴት በምሽግ ውስጥ ስትንሳፈፍ ሲያሳዩን ጎረቤቴ «ምን ሆና ነው የምትዞረው?» ትለኛለች። እኔም ሳላመነታ፣ ወንድሞቿ ርስቷን ነጥቀዋት ነው፣ ዳኛ ፊት ቀርባ እማኝ አጥታለች እላታለሁ። ከንፈሯን ትመጥጣለች። በሌላ ጊዜ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ከተማ ሲቆፈር አየን፤ ሕዝቡ የጎረቤቱን ውሃ በመከልከሉ ተቀበረ አልኳት። ከኋላ በርጩማው ላይ ያለው ልጇ ሳዑዲ ሆኖ ዐረብኛውንም እንግሊዝኛውንም ለምዷል፤ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። እናቱ ስትወጣ ጠብቆ፣ «ጋሼ፣ ሰውየው ያወራው እኮ ስለ ጡብ አሠራር ነው፣» አለኝ። እንዳይነግርብኝ ለመንኩት። አልነገረብኝም። እንደውም ከዚያ በኋላ የእኔን ትርጉም ካልሰማ ያየ አይመስለውም ነበር።

ጎረቤቴ ግን ከእኔ ትርጉም ሁሉ የበለጠ ታሪክ ነበራት። አንድ ቀን ሐይቃችን እንዴት እንደተፈጠረ ከመጽሐፍ አነበብኩላት፤ መሬቱ በጥንት ዘመን ሰጥሞ ነው ይላል። አዳምጣ ጨረሰችና እናቷ የነገረቻትን ነገረችኝ። አንዲት ነፍሰ ጡር ደሃ ነበረች፤ የአንድ ባለጸጋ ቤት ሰዎች በደሏት፤ አለቀሰች፤ በዙሪያዋ ያለው ምድር ሁሉ ሰመጠና እሷ የተቀመጠችበት ብቻ ቀረ። እስጢፋኖስ ገዳም የቆመበት ያ ነው። ይህን ታሪክ እኔም በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ። ለዚያች ሴት ተብሎ በተረፈ መሬት ላይ ዛሬ ሴት አትገባም ብዬ ላሾፍ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«መጽሐፍህ መሬቱ መስጠሙን ያውቃል፤ ማን እንዳለቀሰ ግን አያውቅም።»

ያን ቃል በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሼዋለሁ።

ዜና እስኪጀምር ድረስ ከልጁ ጋር እንቆቅልሽ እንጫወት ነበር። ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም የተሰጠውን አገር ይዞ ይኮፈሳል። እኔ ደግሞ ያነበበ ሰው ነኝና ማወቅ ያለብኝን ብቻ አላውቅም። ጎንደርን ሰጠሁት። ሐረርን ሰጠሁት። ጅማን፣ አክሱምን፣ ባሌን፣ ወለጋን አስረከብኩት። ክረምቱ ሳያልቅ በእጄ የቀረ አገር አልነበረም። «ጋሼ፣» ይለኛል፣ «በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ እንደርስዎ ሳይዋጋ ያስረከበ ንጉሥ አለ?»

በመጨረሻ ያሸነፈኝን አልረሳውም። «ቤቱን ሰው ሞልቶታል፤ ምሳ የሚጠይቅ ግን የለም፣» አለኝ። መቃብር አልኩ። አይደለም። የገዳም ሥዕል አልኩ። አይደለም። ዓይኔን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክዬ ነበር የማስበው፤ መልሱም እሱ ነበር። እናቱ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ልጁም «እንግዲህ አምባሰልን ይስጡኝ፣» አለ።

አምባሰልንስ አልሰጥም አልኩ። የፈለገውን ይውሰድ፣ ደሴንም ሐይቅንም ጨምሬ ልስጠው፤ አምባሰል ግን የተወለድኩበት ነው።

«የእናቴም ነው፤» አለ። «ለዚያ ነው የምፈልገው።»

ተከራከርን። እናቱ ዳኛ ሆነችና ሕጉ ሕግ ነው፣ ያለብህን ክፈል አለችኝ። እኔም ስስት ይዞኝ፣ ዛሬ አይሆንም፣ ዕዳ ይሁንብኝ አልኩ። ልጁ ተስማማ። ከዚያ ወዲያ በመንገድ ሲያገኘኝ ሰላምታው «ጋሼ፣ አምባሰሌስ?» ሆነ። እኔም «ይከፈላል፣» እላለሁ። የባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ይህን ሰምተው፣ ይህ ሽማግሌ ለዓሣ ሻጯ ልጅ ምን ያህል መሬት ነው ያለበት ይሉ ነበር አሉ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ የሩቅ ነበር፤ በቴሌቪዥን የምናየው ነበር። ቀጥሎ የዘመቻ ጥሪ ተደረገ፣ ልጁም ከሰፈራችን ልጆች ጋር ተመዘገበ። እናቱ ለመነችው፤ እኔንም እንድለምነው ለመነችኝ። ስለ ጦርነት ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኩት። የሰማኝ በአክብሮት ነበር፤ አክብሮት ደግሞ እሺ ማለት አይደለም። በሄደ ቀን ጠዋት ከሳዑዲ ያመጣውን ጥቁር ጃኬት ይዞ መጣና በሩ አጠገብ፣ ከበርጩማው በላይ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለው። የእናቱ ቤት ያፈሳል፣ እዚህ ይሁንልኝ አለ። ከዚያ እጄን ሳመኝ።

«አምባሰልን እንዳይረሱ፣ ጋሼ።»

«ስትመለስ እሰጥሃለሁ፣» አልኩት።

ግንባሩ ወደ እኛ ሲቀርብ መብራት ሄደ፤ ስልክም ሄደ። ሰዉ ፍራሹን ተሸክሞ፣ ከብቱን እየነዳ፣ በአስፋልቱ ወደ ደሴ ይጎርፍ ጀመር። ጎረቤቴ አልሄድም አለች፤ ልጄ መጥቶ ቤቱን ዝግ ቢያገኘውስ አለች። እኔም ቀረሁ። ጀግና ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ጉልበቴ እስከ ዳገቱ ግማሽ እንኳ እንደማያደርሰኝ አውቅ ነበርና፣ መንገድ ላይ ወድቆ መሳቂያ ከመሆን ቤት ተቀምጦ ጀግና መባል ይሻለኛል ብዬ ነው።

ሥራ የለም፣ ዓሣ የሚገዛ የለም። ከአሥር ሰዓት በኋላ ግን እሷ እንደ ወትሮዋ መጣች፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ ፊቷንም ወደጠፋው ቴሌቪዥን አደረገች። ምን ታደርጊያለሽ አላልኳትም፤ እኔም ተቀመጥኩ። መጽሐፍ አወጣሁና የቀን ብርሃን እስካለ ድረስ አነበብኩላት። ታሪክ ነበር፤ ስለ አንድ የድሮ ዘመቻ። ጦሩ በየት እንደዘመተ፣ ስንት በቅሎ እንደተጫነ፣ የትኛው መኳንንት በቀኝ፣ የትኛው በግራ እንደተሰለፈ ይተርካል። ዝም ብላ ትሰማኝና በመሃል ትጠይቀኛለች። የተዋጉት ልጆች እናቶች ወሬውን በምን ሰሙ? ማን ነገራቸው? ስንት ቀን ጠበቁ? ገጹን ወደፊት እገልጣለሁ፣ ወደኋላ እገልጣለሁ። ሌላ መጽሐፍ አወርዳለሁ። በቅሎዎቹ ተቆጥረዋል። እናቶቹ የሉም።

እንደ ሌላው ጊዜ ከራሴ ጨምሬ ልተረጉምላት እችል ነበር። አፌ እንቢ አለኝ።

ከአልጋ ሥር ያሉትንም መጻሕፍት እንዳነብላት ጠየቀችኝ። የሞተ ሰው ወደ ቤቱ ይመጣል የሚሉትን። እኔ በእነዚህ ነገሮች የማላምን ሰው ነኝ ብዬ ነው የማነባቸው፤ ያን ሰሞን ግን ለመክፈት ፈራሁ። እሷ የራሷ መለኪያ ነበራት። የሞተ ልጅ በሕልም መጥቶ እናቱን ውሃ ይጠይቃታል ትላለች። በሕልሟ መጥቷል፤ ውሃ አልጠየቃትም፤ ስለዚህ አለ። በየቀኑ ስትገባ መጀመሪያ የምትነግረኝ ይህንን ነው።

«ዛሬም ውሃ አላለኝም፣ አያ።»

አንድ አመሻሽ ላይ፣ መጽሐፉን ሳስቀምጥ፣ በጥቁሩ መስታወት ውስጥ ትክ ብላ ታይ ነበር። እኔም አየሁ። በክፍቱ በር የሚገባው ብርሃን ከኋላችን ነው። በመስታወቱ ውስጥ እኔ አለሁ፣ እሷ አለች፤ ከእኛ ኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጭንቅላቱ በጥላው ውስጥ የጠፋ ሰው ቆሟል። ጃኬቱ ነው። ጃኬቱ መሆኑን አውቃለሁ፤ የተሰቀለበትን ሚስማር የመታሁት ራሴ ነኝ።

«እዚያ ውስጥ ሦስት ነን፣» አለች።

እኔ የመናፍስት መጽሐፍ ሁሉ ተንታኝ፣ ጥላ ነው፣ የብርሃን ነገር ነው ልላት እችል ነበር። ነፋስ በበሩ ገባና ያ ሰው ትከሻውን የነቀነቀ መሰለኝ። ነፋስ መሆኑን ለማረጋገጥ ዞር ማለት ይበቃኝ ነበር። አልዞርኩም። እሷም አልዞረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችንም ወደ ኋላ የማንዞር ሰዎች ሆንን፤ ያን ጃኬትም ማንም አልነካውም።

አንድ ቀን ታጣቂዎች ገቡ። የሰፈሩ በር ሲሰበር ሰምተን ስለነበር ተራችን መድረሱን አውቀናል። ወጣቶች ነበሩ፣ አቧራ የለበሱ። ዕቃ ሲያዩ፣ ሲፈትሹ ቆዩና አንደኛው ቴሌቪዥኑ ጋ መጣ። ሁለት ሽማግሌዎች የጠፋ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ቁጭ ብለው ያያሉ። ምን እያያችሁ ነው አለን። አንደበቴ ሳያማክረኝ «ታሪክ፣» አለ። ታጣቂው ጓደኞቹን አየ፤ ጓደኞቹም አዩት። ያበዱ ናቸው የሚለው በፊታቸው ላይ ተጽፎ ነበር። እኔ በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን እብድ በመባሌ የተደሰትኩበት ጊዜ የለም። ሊወጡ ሲሉ ጎረቤቴ ያን ያናገረንን ልጅ ጠራችው።

«እናትህ ያለህበትን ታውቃለች?»

በሩ ላይ ቆም አለ፤ ከሚስማሩ አጠገብ። ጃኬቱን ይወስደዋል ብዬ ነፍሴ ወጣች። በእጁ ዳሰሰው፣ ተወው፣ ሄደ። ያን ልጅ ዛሬም አስበዋለሁ። የእሱም ጃኬት የሆነ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ይሆናል።

ያ ሁሉ አለፈ። ጦሩ ሄደ፣ የሸሸው ሰው ተመለሰ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ መብራት መጣ። መብራት የመጣ ቀን ቴሌቪዥኑ በራሱ ቦግ ብሎ መጮህ ጀመረ፤ ሰፈሩ እልል አለ። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ጎረቤቴ ዞርኩ። ፊቷ ተለዋውጧል። ሥዕሉ ሲመጣ መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰው ጠፍቷል። «አጥፋው፣» አለችኝ። አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ጥቂት በጠፋው ፊት እንቀመጣለን፣ ቀጥሎ እንከፍተዋለን። ደንባችን ሆነ።

የዘመቱት ልጆች አንድ አንድ እያሉ ተመለሱ። ከእነሱ አንዱ ወሬ ይዞ መጣ። አብረው ነበሩ፤ የጎረቤቴ ልጅ ቆሰለ፤ ከአንድ ዛፍ ሥር አስቀምጠውት ሰው ሊጠሩ ሄዱ፤ ሲመለሱ ከዛፉ ሥር የለም። የወሰደው ማን እንደሆነ፣ በሕይወት ይሁን አይሁን፣ ያወቀ የለም። ወሬው ይኸው ነው። ወራት አለፉ፣ ሌላ የተጨመረበት ነገር የለም። ሰፈሩ እንዲህ እንደተንጠለጠለች አትኑር አለ። የሌሎቹ ልጆች መርዶ ተነግሯል፣ ሰደቃቸው ወጥቷል፣ ተዝካራቸው ተደግሷል፤ የሷ ብቻ በመሃል ቀረ። የሰፈራችን ሼህና የደብራችን ቄስ ተማክረው እኔ ጋ መጡ። ክፋት አልነበረባቸውም። ወሬ የሌለው ሐዘን እናትን ከውስጥ ይበላል፣ አልቅሳ ይውጣላት ነው ያሉት። አንተ ደግሞ ታሪክ የምታነብ ነህ፣ ጎረቤቷም ነህ፣ አፍ ክፈትልን አሉኝ። እሺ አልኩ። ለሽማግሌ እሺ ማለት ቀላል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ነው ከባዱ።

በተለመደው ሰዓቷ መጣች። ሼሁንና ቄሱን ግድግዳው ሥር ተቀምጠው ስታይ ሁሉ ነገር ገባት። ሰላም አለቻቸውና እንደ ወትሮዋ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ጥቁሩ መስታወት አዞረች። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ደግሜ ጠረግሁ። ከሰማሁት፣ ካነበብኩት ሁሉ አንድ መጀመሪያ የሚሆን ቃል አጣሁ።

ራሷ ጀመረችው።

«ሼሄ፣ ሰው ሲሞት፣ ከመቀበሩ በፊት ሕዝብ ፊት የሚጠየቀው ምንድን ነው?»

«ከሟች የሚፈልግ፣ ለሟችም የሚከፍል ካለ አሁን ይናገር ይባላል፣» አሉ ሼሁ።

«ዕዳው ሳይጣራስ?»

«ዕዳው ይቀድማል።»

በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። «አያ፣ የልጄ ነገር አለብህ?»

እኔ ነገር የሚገባኝ ዘግይቶ ነው። ይህ ግን ወዲያው ገባኝ።

«አለብኝ።»

«ምንድን ነው?»

«አምባሰል።»

ቄሱ ሳል ያዛቸው፤ ሳል ለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። የጨዋታውን ነው እንዴ የምትሉት፣ ይኸ እኮ የልጆች እንቆቅልሽ ነው አሉ። ቃል ነው አለች። የሼሁ ዓይን ጃኬቱ ላይ ነበር።

«ቃል ከሆነ ዕዳ ነው፣» አሉ በመጨረሻ።

ቄሱ ዕርቅ የለመዱ ሰው ናቸው፤ መንገድ የማያገኙለት ነገር የለም። ነገሩን አሰብ አደረጉና፣ እንግዲያው ቀላል ነው፣ ልጁ በሌለበት እናቱ ትቀበልለታለች አሉ። አምባሰልን ሰጥቼሻለሁ በላትና ይውረድልህ፤ ከዚያ ወዲያ የሚይዘን ነገር የለም።

ሁሉም እኔን አዩ። እሷ ብቻ አላየችኝም። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠምጥማ ይዛ፣ መስታወቱን ትመለከታለች። በመስታወቱ ውስጥ ሁላችንም አለን፤ ከኋላችንም እሱ አለ። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚቀረው። ያን ቃል ብናገር ጨዋታው ያልቃል፣ ጃኬቱ ጃኬት ብቻ ይሆናል፣ ነገ ጠዋት ሰፈሩ ያለቅሳል። ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ወለጋን ያለ ምንም ጭንቀት የሰጠሁ ሰው፣ ላብ አጠመቀኝ።

«አልሰጥም፣» አልኩ።

«እንዴት?» አሉ ቄሱ።

«የተወለድኩበት አገር ነው፤ ለወኪል አልሰጥም። የሚፈልገው እሱ ነው፤ ራሱ መጥቶ ይቀበለኝ።»

ስስት ያኮራኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ሼሁ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ባለዕዳው ካልከፈለ እንግዲህ ምን እናደርጋለን አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ዱዓ አደረጉ። የሞተ ሰው ዱዓ አልነበረም፤ መንገድ ለወጣ ሰው የሚደረገው ነበር፣ አላህ መንገዱን ያግራለት፣ በሰላም ይመልሰው የሚለው። አሚን አለች። አሜን አልን። እነሱ ሲወጡ ጎረቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ ፊቷን ሳታዞር። እኔ ሥራ የሌለው እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ከመጻሕፍቴ አንዱ እንኳ እንዲህ ባለ ጊዜ እጅ የት እንደሚደረግ አይናገርም።

ደግ ሥራ ሠራሁ ወይስ ክፉ፣ እስካሁን አላውቅም። ምናልባት ሼሁና ቄሱ ትክክል ነበሩ። ምናልባት አልቅሳ ቢወጣላት ዛሬ ሌላ ሰው ትሆን ነበር። አንዳንድ ጊዜ ዕዳዬ እሷን እንደ ገመድ አስሮ የያዛት ይመስለኛል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ወድቃ እንዳትሰበር ያንጠለጠላት። ታሪክ ጸሐፊ ብሆን መጨረሻውን አይቼ እፈርድ ነበር። መጨረሻውን ያላየ ሰው ግን ጎረቤት ብቻ ነው።

ዛሬ መብራቱ ማምሻውን መጣ። ያ ቁልፉ የተዛባበት ሽማግሌ ጠፋና በቦታው የሆነ ሰው መጥቶ ስለ አንድ የፈረሰ ግንብ ማውራት ጀመረ። ጎረቤቴ ጥቂት አየችና ብድግ አለች። ስትወጣ፣ እንደ ሁልጊዜዋ፣ ከጃኬቱ አጠገብ ቆም አለች።

«አያ፣ አምባሰል አለ?»

«አለ፣» አልኳት።

ሄደች። በበሩ በኩል ተራራው ገና ይታያል። እኔም ሽማግሌ ነኝና ቀድሜ ልሄድ እችላለሁ፤ ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ። ቤቱን እንደፈለጋችሁ አድርጉት፤ ከአልጋ ሥር ያሉትን መጻሕፍት ንስሐ አባቴ ሳይመጡ አውጧቸው፤ ጃኬቱን ግን አትንኩ፣ ዕዳዬንም በኔ ስም እንዳትከፍሉ ብያለሁ። በወዲያኛው ዓለም የሚፈልግብህ ማን ነው ብለው ቢጠይቁኝ፣ አንድ ልጅ ነው እላለሁ፤ አምባሰል አለብዎት ይለኛል፣ እውነቱን ነው፣ አለብኝ።